ጡረታ ስለወጣው የዕድላዊት ኮርስ

ይድረስ፦ የኮዲንግ ትምህርት በኢንተርኔት ለምትሰጡን ድርጅት፣ ለኮርሶች እድሳት ክፍል ክቡራን ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ከአርባ ምንጭ አቀርባለሁ። እናንተም፣ ቤተሰቦቻችሁም፣ ሰርቨሮቻችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመነኸሪያው ጀርባ በተከራየናት ክፍል ውስጥ፣ መብራት ባለ ቀን፣ ደህና ነን።

ሶፎንያስ እባላለሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ ባጣሁ ጊዜ፣ የእናንተን ነፃ ኮርስ ከፍቼ ወጣቶችን ማስጠናት ጀመርኩ። አሁን ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ የድረ ገጽ ሥራ ኮርሳችሁን ጡረታ በማውጣታችሁ የተሰማኝን ጥልቅ ምስጋና ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ ነው። ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ለይቼዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ለሰጣችሁኝ ድፍረት አመሰግናለሁ። ዕድላዊት ካሱ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ ገጠር ልጅ ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። አባቷ አቶ ካሱ ሙዝ አምራች ናቸው። ልጃቸውን እኔ ዘንድ ያመጡ ዕለት፣ ከበሩ ሳያልፉ፣ “መምህር፣ ይህ ነገር መጨረሻ አለው?” ብለው ጠየቁኝ። እኔም በእናንተ ተማምኜ፣ “አለው ጋሼ፤ ስትጨርስ የምስክር ወረቀት ታገኛለች፤ እዚሁ ከተማ ድረ ገጽ የሚሠራ ቢሮ አለ፣ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሰው ለልምምድ ይቀበላል” አልኳቸው። “እንግዲያው እስክትጨርስ አልነካትም” አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ልጅቷም ጠበቀች። የቀድሞው ኮርሳችሁ፣ ኋላ ቀር ስለነበር፣ ጽሑፍ ብቻ ነበረው፤ እሷም ሲቀላ ስትመጣ ስልኳ ላይ ታወርደውና ላንቴ ተመልሳ ከሙዙ ሥር ታነበው ነበር። የመጀመሪያ ገጿን ስትሠራ የአባቷን ሙዝ ፎቶ አስገባችበት፤ አረንጓዴውን ዘለላ ሲጫኑት ቢጫ ይሆናል። አቶ ካሱ መጥተው ደጋግመው ተጫኑት። “እንዲህ በአንዴ ቢበስልልኝማ!” ብለው ሲስቁ እኔም የሥራዬን ጥቅም ያየሁት ያን ቀን ነው።

፪. የመጨረሻው የመመዘኛ ሥራ ብቻ ሲቀራት ገጻችሁን ከፈትን። “ይህ ኮርስ ጡረታ ወጥቷል፤ በተሻለ ኮርስ ተተክቷል” የሚል ጽሑፍ በትልቁ፣ በሚያምር ቀለም ተቀበለን። ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። ወደ እርዳታ መስመራችሁ ብጽፍ ነህምያ የተባሉ ባልደረባችሁ እጅግ ትሑት በሆነ ቋንቋ መለሱልኝ፦ “በቀድሞው ኮርስ የምስክር ወረቀት መስጠት ቆሟል። ተማሪዋ አዲሱን ከመጀመሪያው ትጀምር። ለውጥን መላመድ በራሱ ክህሎት ነው።” እስካሁን የተማረችውስ ብዬ ብጠይቅ፣ “ዕውቀቱ ከእሷ ጋር ነው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዕውቀቷን ይዛ ወደዚያ ቢሮ ብትሄድ ግን ወረቀቱን ጠየቋት።

ለአባቷ ማስረዳቱን ለእኔ ስለተዋችሁልኝ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባችኋል።

“ጡረታ ወጣ?” አሉኝ አቶ ካሱ። “ስንት ዓመቱ ነበር?”

“ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጋሼ።”

“የእኔ ሙዝ እንኳ ከዚያ በላይ ይኖራል” አሉና መሬት መሬት እያዩ ወጡ።

፫. ዕድላዊት ግን፣ በነህምያ ምክር መሠረት፣ ለውጡን ተላመደች። አዲሱ ኮርስ ጽሑፍ የሌለው፣ ሁሉም በቪዲዮ የሆነ፣ ኮዱንም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፍበትና ተማሪው ማዘዝ ብቻ የሚማርበት ድንቅ ኮርስ ነው። ያለ ኢንተርኔት አንዲት ደቂቃ አይራመድም፤ ላንቴ ላይ ደግሞ ኔትወርኩ እንደ እንግዳ መጥቶ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የእርሻውን ሥራ አግዛ በባጃጅ ሲቀላ ትመጣለች። ቪዲዮው ይቆማል፤ አስተማሪው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ እሷም አገጯን በእጇ ደግፋ አፉን እስኪዘጋ ትጠብቀዋለች። እንዲህ እየጠበቀች ግማሹ ላይ አደረሰችው። ያኔ ይህኛውም ኮርስ “በአዲስ ትውልድ ኮርስ” ሊተካ መሆኑን በደስታ አበሰራችሁን።

ማስታወቂያውን ደግማ አነበበችው። አላለቀሰችም።

“መምህር፣ እኔ ቀርፋፋ ነኝ?” አለችኝ።

“አይደለሽም።”

“ታዲያ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሳልደርስ የሚዘጋው?”

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላዘጋጃችሁልኝም፤ በጥያቄና መልስ ገጻችሁ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ሐዋሳ ካለችው አክስቷ ዘንድ ሄዳ ልብስ ስፌት ልትቀጠር ሆነ። መነኸሪያ ሄጄ ሸኘኋት። አቶ ካሱ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡኝም። “አንተ ምን ታደርግ፣ መምህር” ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና ሻንጣዋን ለረዳቱ አቀበሉት። እሷ በመስኮት በኩል፣ “አዲሱ ሲወጣ ንገረኝ እሺ?” አለችኝ። እሺ አልኳት። አልነግራትም። ነግሬያት ደግሞ ምን ላይ ስትደርስ ላስቆማት?

እንግዲህ ይህን የጻፍኩት ኮርሱ ይመለሳል ብዬ አይደለም። ተማሪዎቼም አንድ በአንድ ቀርተዋል፤ የኪራዩ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ክፍሉን ክፍት አድርጌ እቀመጣለሁ። መሻሻላችሁ ግን እንዳያቋርጥ፣ ማንም ሊደርስበት በማይችል ፍጥነት እንዲቀጥል ምኞቴ ነው።

እናንተ ወደፊት ስትገሰግሱ ከኋላችሁ አቧራውን የምቅም፣ በዘመናዊነታችሁ ፊት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ ታዛዥ ተማሪያችሁ፣

ሶፎንያስ ሀብተሚካኤል
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ማስታወሻ፦ የዕድላዊት ታናሽ እህት በለጥሽ ትናንት መጥታ ኮምፒውተር አስተምረኝ አለችኝ። ሌላ የማምነው ነገር ስላጣሁ በኪቦርድ መጻፍ አስጀምሬያታለሁ። ፊደሎቹን ለምዳ እስክትጨርስ ድረስ ከየቦታቸው እንዳታነሱብን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።