የመጠለያችን እማማ መቀርቀሪያ

እማማ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ሲያርፉ ከአልጋቸው አጠገብ ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ነበሩ።

እማማ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት ስለፈረሰ ቤተሰቡ አንድ ክረምት ሙሉ በዘመድ ቤት ኮሪደር ላይ ተኛ። “አላፊ አግዳሚው በላያችን ይራመድ ነበር” እያሉ ያጫውቱን ነበር። የማታ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1970 ዓ.ም. በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. የቧንቧ ሠራተኛውን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

በ1985 ዓ.ም. መንግሥት ማደሪያ ላጡ ሰዎች የከፈተውን ጊዜያዊ መጠለያ እንዲመሩ ተሾሙ። ቤቱ የድሮ መጋዘን ነበር። ክፍሎቹ በኮምፔንሳቶ የተከፈሉ፣ በሮቻቸውም ከውጭ እንጂ ከውስጥ የማይዘጉ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት እማማ ከባሏ ዱላ አምልጣ የመጣችን አንዲት እናት፣ አልጋዋን በሩ ላይ አስደግፋ ቁጭ እንዳለች አገኟት። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እማማ የአባታቸውን መዶሻና መጋዝ አምጥተው ለየበሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ገጠሙ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው።

የቢሮው ኃላፊ ግን ተቆጡ። “አንዱ ውስጥ ታሞ ቢወድቅስ? ይነቀል!” አሉ።

“ጌታዬ፣ የእርስዎ መኝታ ቤት ከውስጥ አይዘጋም?”

“የእኔማ ቤቴ ነው።”

“ይኸም ለሷ እስክትወጣ ድረስ ቤቷ ነው።”

መቀርቀሪያዎቹ ተነቀሉ፤ እማማም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። እሳቸው ግን በየስብሰባው እጃቸውን ከማውጣት አልቦዘኑም። ኃላፊው “ደግሞ መጡ?” ሲሏቸው፣ “በሩ እስኪዘጋ መምጣቴ አይቀርም” ይሉ ነበር። የኃላፊውም ስጋት እውነት እንደነበረው አልካዱም። ስለዚህ ከባለቤታቸው ጋር መክረው፣ ከውስጥ የሚዘጋ፣ ለክፉ ቀን ግን ሠራተኛው ከውጭ በመፍቻ የሚከፍተው መቀርቀሪያ ሠሩ። “እሱ ውሃውን ይዘጋል፣ እኔ በሩን፤ ጎርፍም ሌባም አይደፍረን” እያሉ ይቀልዱ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ኃላፊው ራሳቸው ገብተው ዘግተው፣ ከውጭ አስከፍተው ካዩ በኋላ ፈቀዱ። እማማም ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ ማንኛውም ሠራተኛ ሳያንኳኳ እንዳይገባ አደረጉ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው፣ እንዲሁም በዚያ ቤት አልፈው የራሳቸውን ጎጆ የቀለሱ ብዙዎች አልቅሰው ሸኝተዋቸዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም “ውጡ” በማይላቸው ቤት ያኑርልን።

እሳቸው ባረፉ ማግስት ሦስት ልጆች የያዙ ባልና ሚስት ወደ መጠለያው ገብተው፣ በራቸውን ከውስጥ ቀርቅረው አድረዋል።