የኋላ ማርሽ የሌላት መኪና

ማክሰኞ

ስድስት ባትሪ ድንጋይ! ጋሽ ተካ ዛሬ ጠዋት ሱቃቸው ጠርተውኝ አዲሲቷ መኪና በአራት ሳይሆን በስድስት ድንጋይ እንድትሄድ አዘዙኝ። ለምን ብላቸው፣ «ገበያው ነዋ፣ አስቴርዬ» አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ።

እኔ ገበያ አላውቅም። የማውቀው ሬዲዮ መጠገን ነው። ከተበላሹ ቴፖች ሞተር አወጣለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ጫላ አካሏን ከቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ ክንድ የምታክል የጭነት መኪና ትሆናለች። በእጅ ሳጥን፣ ያለ ሽቦ፣ ከሩቅ ትነዳለች። ገዢዎቻችን ልጆች እንዳይመስሉህ፣ ማስታወሻዬ፤ የባቡር ጣቢያ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ አንድ የጥርስ ሐኪምም አለ። ሜዳ ወጥተው ይሽቀዳደማሉ።

ጋሽ ተካ ይሸጡልናል። የሽቦ አልባ ፈቃዱም የወጣው በእሳቸው ስም ነው፤ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ መገኘት በዚህ ዘመን ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ስድስት ካሉ ስድስት።

ረቡዕ

አስገባሁ። ሆዷ መሬት ነካ። የጎማዎቿ ዘንግ ተጣመመ። የኋላ ማርሹ ቦታ አጣ፤ ያንን ማርሽ ለማስተካከል ክረምቱን ሙሉ ነው የደከምኩት!

ጫላ አገላብጦ አያትና «ኩን ሂን ታኡ! አይሆንም! ይቺ መኪና ናት ወይስ የድንጋይ ማመላለሻ?» አለ። የደራ ልጅ ነው፤ ሲናደድ ኦሮምኛና አማርኛ ይደባልቃል። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሐሙስ

ገባኝ። ሽቦ ላመጣ ጋሽ ተካ መጋዘን ገባሁ። እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሯል፤ ሁሉም ባትሪ ድንጋይ። አንዱን ከፈት አደረግሁት። በዚህ በአዳማ ሙቀት አንዳንዱ ማንጠባጠብ ጀምሯል።

«ለዚህ ነው?» አልኳቸው።

አላፈሩም። «ልጄ፣ መኪናዋን አንዴ ይገዛሉ፤ ድንጋዩን ግን በየሳምንቱ።»

«የኋላ ማርሹስ?»

«እሱ ለከርሞ ይቆይ። ዘንድሮ ሁሉን ከሰጠሻቸው፣ የከርሞዋን ምን ብለን አዲስ እንላታለን?»

ተሠርቶ ያለቀ ነገር ደብቂ ማለታቸው ነው። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ

አቶ ገመቹ ከዓለም ጤና ከተማ መጡ። የመስኖ ፓምፕ መካኒክ ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ መኪኖቻችን አንዷን የገዙ። በሽንኩርት መደብ መሃል ይነዷታል። ቦይ ዳር በተቀረቀረች ቁጥር ጫማቸውን አውልቀው ጭቃ ውስጥ ይገባሉ።

«ወደ ኋላ የምትሄደዋ ደረሰች ወይ?» አሉኝ።

ክረምቱን የሠራኋት ባለአራት ድንጋይዋ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። «ገና ናት» አልኳቸው።

«ግድ የለም፤ እግዜር እጅሽን ይባርከው።»

በዋሸሁ ተመረቅሁ! ይሄ ነው የቀረኝ። አዲሲቷ መኪና ነገ ሜዳ ላይ ስለምትሞከር እዚሁ ዘመድ ቤት ያድራሉ።

ቅዳሜ

ጋሽ ተካ ከአሰላና ከመቂ ነጋዴዎች ጠርተው ነበር። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ባለስድስቷን ነዳሁ። እየጎተተች ሄዳ ሄዳ ግንቡን ገጨችና እዚያው አጉረመረመች። ጋሽ ተካ ከነኮታቸው ሮጠው፣ ጎንበስ ብለው አዞሯት። ደግሞ ገጨች። ደግሞ አዞሯት። በሦስተኛው ባርኔጣቸው ወደቀ።

አቶ ገመቹ «ወደ ኋላ አትልም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ለከርሞ!» አሉ ጋሽ ተካ እያለከለኩ።

አፌ ቀደመኝ። «ትላለች። ተሠርታ አልቃለች።»

ጫላ ሁለተኛ ቃል አልጠበቀም፤ ሮጦ ባለአራቷን አመጣት። ግንቡን ነካች፣ አፈገፈገች፣ ዞረች፣ ዳገቱን ወጣች። አቶ ገመቹ አጨበጨቡ። የመቂው ነጋዴ «እኛ የምንፈልገው ይቺን ነው» አለ።

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፤ እኔ የማስበው ግን ፈቃዱን ነው። ምናለ አንዴ እንኳ ዝም ብል?

እሁድ

ከጸሎት ስመለስ ጋሽ ተካ ወርክሾፓችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ጫላ መዶሻውን ይዞ ቆሟል፤ ምን እንደሚያደርግበት ግራ የገባው ይመስላል።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሉ።

«ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታ፣ ጋሼ። ስለ ተናገርኩት ግን አልጸጸትም።»

«ድንጋዬንስ ምን ላድርገው?»

«ለሬዲዮ ይሽጡት። ደህና ደህናውን እኔ እለይልዎታለሁ።»

ባለአራቷን አገላብጠው አዩ። ቀጥለው «እስቲ ያንን ሳጥን ስጪኝ» አሉ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲሸጡ አንድም ቀን ነድተው አያውቁም ለካ! ወደ ፊት ሄደች፤ ወደ ኋላ መጣች፤ የጫላን እግር ገጨች። ደግመው ገጩት። ፊታቸው አልተፈታም፤ ጣታቸው ግን ከቁልፉ አልተነሳም።

«ፈቃዱ እንዴት ይሁን?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«እናያለን» ብለው መኪናዋን ከነሳጥኗ በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ።

ጫላ እግሩን እያሸ፣ «ሰጠናቸው ነው ወይስ ወሰዱብን?» አለኝ።

እኔ ምን አውቄ።