እናቶቹ ያልተሳሉበት ሥዕል

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፤
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት።

አባዬ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? የጉልበትዎ ቁርጥማት ተወዎት? የአስተርእዮ ማርያም ማኅሌትስ እንዴት አለፈ፣ ድምፅዎ ደህና ነበር? እማዬስ እንዴት ናት፣ ውቂያው አለቀላችሁ ወይስ ገና አውድማ ላይ ናችሁ? እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እሱንም ቢሆን የዘንድሮው ደስታ ትንሽ አስታግሶልኛል።

ባለፈው በስልክ ትምህርት ጀመርሁ ስልዎ ስቀውብኝ ነበር። ፊቱን ያላየሽው መምህር ስትሳሳቺ በምን ያርምሻል ነበር ያሉኝ። አልፈረድሁብዎትም፤ የእርስዎ ተማሪዎች እግርዎ ሥር ቁጭ ብለው በየዜማው እየታረሙ ነው ድጓ የሚዘልቁት።

ትምህርቱ ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ ይባላል። ለገበያ ወገዳ ስወጣ የሳምንቱን ትምህርት ከኢንተርኔት ስልኬ ላይ አወርድና ጤና ኬላዬ ተመልሼ ደጋግሜ አየዋለሁ። እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ቢያስለቅሰኝም ፍሬ ነገሩ ገብቶኛል፦ ብዙ ነገር ተገጣጥሞ አንድ ሥራ እንዲሠራ እንዴት እንደሚታቀድ ነው የሚያስተምረው። ሞፈሩም ደህና፣ ቀንበሩም ደህና፣ በሬዎቹም ብርቱ ሆነው፣ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያስረው ምራን ከላላ እርሻ የለም፤ ብልሽቱን ከመጋጠሚያው ፈልጉ ይሉናል። ይህን እኮ ጎረቤታችን ዋሴም ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እሱ የምስክር ወረቀት አልጠየቀበትም።

ለማለፍ ከየሥራችን አንዱን መርጠን፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል አሳይተን፣ የሚበላሽበትን ቦታ ማስተካከል ነበረብን። እኔ የኩፍኝ ክትባቱን መረጥሁ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነዋ። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው፤ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልተወጋው ይደፋል። እንዳይባክን እያልሁ አሥር ልጅ ካልሞላ አልከፍትም ነበር። ቀኑ የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ እናቶቹ ግን ቀኑን እየሳቱ አንድ ቀን ሦስት፣ ሌላ ቀን ሁለት ሆነው ይመጣሉ። ካሣነሽ የምትባል እናት ከሸለቆው ማዶ ልጇን አዝላ ሦስት ሰዓት እየተጓዘች መጥታ ሦስት ጊዜ መለስኋት። በሦስተኛው አልተቆጣችም። እንግዲህ እግዜር ያውቅለታል፣ ሁለተኛ አልመጣም ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የእሷ ልጅ ነበር።

ሥዕሉን አሳምሬ ሠራሁት። ማቀዝቀዣው፣ የበረዶ ሳጥኑ፣ መንገዱ፣ ብልቃጡ፣ እኔ ራሴ ሳልቀር አለሁበት። የሚያርሙን በየአገሩ ያሉ ሦስት ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱ አመሰገኑኝ። ሦስተኛው፣ ስሙንም አገሩንም የማላውቀው ሰው፣ አንድ መስመር ብቻ ጻፈልኝ፦ «ይህ ሁሉ የሚሠራው ለማን ነው? ሥዕሉ ላይ አጣኋቸው።» ሁለት ቀን ተናድጄ ዋልሁ። ረጋ ብዬ ሳየው እውነትም አንዲት እናት የለችበትም። ይኸው አባዬ፣ ፊቱን ያላየሁት ሰው አረመኝ፤ እርማቱም እንደ እርስዎ አጭርና የሚለበልብ ነው።

ደብተሬን ይዤ ልጠይቃቸው ወጣሁ፤ እያፈርሁም ቢሆን መጀመሪያ ካሣነሽ ቤት ሄድሁ። እሷ ግን ጠላ ቀድታልኝ፣ «ማክሰኞሽን ማን ይቆጥርልኛል? የማርያም ለታ ብትይን ኖሮ ሳንጠራ እንመጣ ነበር» አለችኝ። ዘጠኝ ቤት ዞርሁ፣ መልሱ ያው ነው። ወሩን የሚቆጥሩት በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ነው። በበዓል ሥራ የለ፣ ልጅም ታዝሎ ከቤተ ክርስቲያን አይቀር። ከፊደል በፊት የወሩን በዓላት ቆጥሬ ያደግሁ የመሪጌታ ልጅ ይህን መርሳቴ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፤ ቢስቁብኝ ይገባኛል።

እናቶቹን መሐል ላይ ስዬ እንደገና ላክሁ፤ አለፍሁም። ወረቀት ግን ልጅ አይከትብም። ክትባቱን በማርያም ለታ ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ላድርገው ስላቸው የዚሁ ደብር ቄስ ጥላዬ መርፌ ከቅጥሩ አይገባም ብለው ነበር፤ ከበሩ ውጭ ወይራው ሥር ይሁን ብያቸው ተስማማን። ሁለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ለሕዝቡ ነገሩልኝ። ጥር ሃያ አንድ ቀን ሃያ ልጅ መጣ፤ ሁለት ብልቃጥ፣ ጠብታ ሳይደፋ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ሳጥኑን ዘግቼ ልነሳ ስል ካሣነሽ ከቁልቁለቱ ብቅ አለች፤ ላሟ ታማባት ዘግይታለች። ሌላ ልጅ የለም። የቀረኝ አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ ነው። እሷም ነገሩ ገብቷት ልጇን ሳታወርድ ቆመች። አባዬ፣ ለአንድ ልጅ ከፈትሁት። የተረፈውን ዘጠኙን ደፋሁ፤ ሪፖርቴ ላይም ሳልደብቅ እንዲያው ጻፍሁ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። ለወንድሜ ለይታየው፣ ለታናሿ እህቴ ለዮርዳኖስ፣ ለእትዬ ወለላ፣ ጉባኤ ቤት ላሉት ተማሪዎችዎ ሁሉ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ካሣነሽም ሰላምታ ልካልዎታለች። የልጇ የክርስትና ስም ገብረ ማርያም ነው፤ ሲጸልዩ ያስቡልኝ።

ልጅዎ አመለወርቅ ወልደ ሩፋኤል
ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ
ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.