ቀለም አልይዝ ያለ ሽበት

ሰኞ

እኔ ፍረወይኒ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በሙሉ ጤንነቴ ሆኜ እናዘዛለሁ፤ እማዬ ፀጉሯን የምትቀባበት «አሮጌ» የጥርስ ብሩሽ አሮጌ አይደለም። የአባዬ ነው። ትናንት ማታ ቀለሙ ተበጥብጦ እማዬ «ብሩሽ፣ ቶሎ በይ ብሩሽ» ስትል እጄ የገባውን አቀበልኳት። ከዚያ አጥቤ ቦታው መለስኩት። ዛሬ ጠዋት አባዬ ብሩሹን ወደ መስኮቱ ይዞ አገላብጦ አየውና ጥርሱን ፋቀበት።  እሱ ካልከፋው እኔ ምን አገባኝ።

ወደ ዋናው ጉዳይ። ቀለሙ አልያዘም። ትናንት ተቀብታ፣ ዛሬ ጠዋት ጠበል ደርሳ ስትመለስ በጆሮ ግንዷ በኩል ነጩ ብቅ ብሏል። ይባስ ብሎ አሁን ዙሪያው ጥቁር ስለሆነ ከበፊቱ የበለጠ ይታያል። እማዬ መስታወት ፊት ቆማ አንገቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታዞራለች፤ በየደቂቃው «ይታያል?» ትለኛለች። «አይታይም» ስላት ውሸታም ነኝ፣ «ይታያል» ስላት ባለጌ።

ይኼ ሁሉ ጭንቅ ለአያቴ ነው። አያቴ፣ የእማዬ እናት፣ እሑድ ከደሴ በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን ትመጣለች። ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት ከጦርነቱ በፊት ነው። ያኔ እማዬ አንዲት ሽበት አልነበረባትም። አሁን ጥቁሩን መቁጠር ይቀላል። በቪዲዮ ሲደዋወሉ ሁልጊዜ ሻሽ አስራ ነው፤ አያቴ ስትጠይቃት «ብርድ ነው» ትላለች። መቀሌ ዓመቱን ሙሉ ብርድ የሆነባት አያቴ ናት እንግዲህ ወር ልትቀመጥ የምትመጣው። ስለዚህ ቀለሙም ወር መቀመጥ አለበት።

«እውነቱን ብትነግሪያት ምን አለበት?» አልኳት።

«ይኼን ፀጉር ካየች ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፍነው ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ ማውራት አልፈልግም።»

ከዚያ በኋላ በእሷ መቀለድ ትንሽ ከበደኝ። ትንሽ ብቻ።

ማክሰኞ

የዛሬውን ሳልጽፍ ብተኛ ነገ ራሴም አላምነውም።

እማዬ «እናቴ በሰላም እንድትገባልኝ» ብላ ሰባት ቀን ጠበል ልትጠመቅ ተስላለች። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ፣ በየጠዋቱ፣ በባዶ ሆድ። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለሆንኩ ፎጣና ነጠላ ጫማ ተሸካሚ ተደርጌ ተሾሜያለሁ።

ዛሬ ተራዋ ደርሶ ካህኑ እንደ ትናንቱ በመርጨት ሳይወሰኑ ውኃውን ከላይ ሲለቁባት ነጭ ቀሚሷ ላይ የሆነ ነገር መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ቀጭን ሻይ። ቀጥሎ እንደ ወፍራም ሻይ። ከዚያ ጥቁር። ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ እየተንዠቀዠቀ። ከኋላዋ ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ አየችና «ተመስገን፣ ወጣላት» ብላ እልል አለች። የቀሩት ተቀበሏት። ካህኑም ቢሆኑ ጠበሉ እየሠራ መሆኑን ሲያዩ አንድ ባልዲ ጨመሩላት። እማዬ ዓይኗን ጨፍና፣ ምን እንደወጣላት ሳታውቅ፣ «አሜን፣ አሜን» ትላለች። እኔ ፎጣውን ነክሼ ግድግዳ ግድግዳውን አይ ነበር።

መንገድ ላይ «ዛሬስ ቅልል አለኝ» አለችኝ፤ ነጠላዋን እስከ እግሯ ተጠቅልላ ስለነበር ገና አላየችውም።

ቤት ገብታ ቀሚሷን ስታወልቅ አየችው።

«ሰው አየ?»

«እልል ያሉት ናቸው ያዩት።»

እስከ ምሳ አላናገረችኝም። ቀለሙን የሸጥኩላት እኔ ይመስል።

ረቡዕ

ሓትኖይ ለተብርሃን ሳትጠራ ለምክር መጣች። አክስቴ ናት፣ የአባዬ ታላቅ እህት፤ ግቢዋ ከግቢያችን በአንድ ግንብ ነው የሚለየው፣ ግንቡ ግን ከልክሏት አያውቅም። እማዬ ያለቀሰችውን አልቅሳ፣ እኔም የቀሚሱን ታሪክ በትንሹ ጨምሬ ከተረክሁ በኋላ ሓትኖይ ቅር ብሏት «ቅቤውን አልተቀባሽም እንዴ?» አለች።

ጆሮዬ ቆመ። ለካ እሑድ ዕለት እማዬ ቀለሙን ከመቀባቷ በፊት ራሷን በቅቤ አሽታዋለች። «ቀለሙ የራስ ቆዳሽን እንዳያቃጥለው» ብላ የመከረቻት ሓትኖይ ናት። ከቀለሙ በኋላ ደግሞ በፈላ ውኃና በልብስ ሳሙና ታጥባለች፣ «ትርፍራፊው እንዲጸዳ»። ይኼም የሓትኖይ ነው። እኔ ብሩሽ አቀብዬ ወደ ስልኬ ስመለስ ያመለጠኝ ይኼ ሁሉ ነው።

«ቅቤ የጠገበ ፀጉር ቀለሙን በየት በኩል ይጠጣል?» ብዬ ጠየቅሁ፣ በትሕትና።

«ዋይ እዛ ጓል፣ አንቺ ልጅ፣ መቼ ተወልደሽ ነው እኔን የምታስተምሪኝ?»

ከዚያ አዳዲስ ሐሳቦች አመጣች። አንደኛው፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ከሚነግዱት የወሎ ሴቶች ሂና ገዝቶ በላዩ መደረብ። ሂና በነጭ ፀጉር ላይ ምን እንደሚሆን አምና በራሷ ላይ አይተናል፤ ጾሙን በሙሉ እንደ ብርቱካን ሆና ነው ያስቀደሰችው። ሁለተኛው፣ የባትሪ ድንጋይ ወቅጦ መለወስ። እሱ ለጥቁር ሰሌዳ ነው አልኩ። «ሰሌዳው ታዲያ ለቋል?» አለችኝ። አለመልቀቁን ማመን ይተናነቀኛል።

አባዬ ከሥራ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ «ሽበት እኮ ክብር ነው» አለ። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የሌለችበት ሰው።

ሐሙስ

ሥልጣን ያዝኩ። ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው።

አንድ ፓኮ ቀለም ብቻ ነው የቀረን። እሱ ከተበላሸ አያቴ የምታየው ነጩን ነው። ስለዚህ ፓኮው ላይ ያለውን አነበብኩ፤ በዚህ ቤት ከእኔ በፊት ያነበበው እንደሌለ እምላለሁ። እናቷ ፀጉር ቤት ያላትን የክፍል ጓደኛዬን ሓድነትንም ጠየቅሁ። የቀረውን ከማክሰኞው ቀሚስ ተምሬያለሁ። ከዚያ እማዬን አስቀምጬ ሕጉን አነበብኩላት፦

ቅቤ የለም። ሓትኖይ ከነማሰሮው ብትመጣም የለም።

ቀለሙ የሚነካው ከመጨረሻው ጠበል በኋላ ነው።

ቀድሞ በንጹሕ ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያ ከጆሮ ግንድና ከግንባር ይጀመራል፤ ነጩ ፀጉር ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይጠጣም፣ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ከተቀባ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ውኃ አያይም። ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ለብ ባለ ውኃና ቀለም ላለው ፀጉር በሚሆን ሻምፖ። የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው።

ፀሐይ ላይ ሻሽ። ሥሩ ነጭ ሲያበቅል ሥሩን ብቻ መንካት፣ ሁሉንም እንደ አዲስ መለቅለቅ የለም።

እማዬ ጨርሳ ሰማችኝና «ለምን ዛሬውኑ አንቀባውም? እስከ እሑድ ይለመድ ነበር» አለች። ለመለመድ ጫማ ነው እንዴ። ዛሬ ከተቀባሽ ነገ ጠዋት ደግሞ እልልታ ነው፣ ካልሆነ ጠበሉን ለሁለት ቀን ተይው አልኳት።

«አቋርጬው እናቴ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

 ቢያንስ ጠበሉ ጋ ራሷን በፌስታል ብትሸፍን የሚል ሐሳብ አቀረብኩ።

«ፍረ፣ እግዚአብሔርን በፌስታል?»

እሺ። ቅዳሜ።

ዓርብ

የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ቆይቷል። በርሜሉ ውስጥ የነበረውን እማዬ ለአያቴ ክብር መጋረጃ አጥባ፣ ወለል አጥባ፣ የታጠበ ሳህን ደግማ አጥባ ጨረሰችው። ነገ ፀጉሯን በምን እንደምናለቀልቅ ስጠይቃት እንደ አዲስ ነገር አየችኝ። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አንኳኳሁ፤ ሁሉም ከበሮ ሆነዋል።

የሰፈሩ ውኃ ሻጮች የሚያመጡት ደግሞ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ነው። ማንቆርቆሪያ ያነጣ ውኃ ፀጉር ሊያጠቁር? አባዬ ላይ ጮህኩ። በትክክል ለመናገር፣ እያጉረመረምኩ በአጠገቡ አለፍኩ።

ማታ አንድ እሽግ የታሸገ ውኃ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገባ። መሃል ቤት አስቀመጠውና «እኔ የበርሜል እየጠጣሁ የእናትሽ ፀጉር የታሸገ ይጠጣል» አለ። እማዬ ሳቀች። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዋ ነው።

ቅዳሜ

ሰባተኛው ጠበል አለቀ። ዛሬ የወረደው ንጹሕ ውኃ ነው፤ እልልታም አልነበረም። የማክሰኞዋ ሴትዮ እማዬን አይታ «አሁንማ ነጽተሻል» አለቻት።

ቤት እንደገባን አጠብኳት፣ አደረቅኳት፣ ከጆሮ ግንዷ ጀመርኩ። እማዬ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚባል አታውቅም። ወጡ አረረ ብላ ትነሳለች፣ በር ተንኳኳ ብላ ትነሳለች። ጆሮዋን ቫዝሊን ልቀባት ስል «ጆሮዬን ተይው» አለች፤ ተውኩላት፤ ጆሮዋም ጠቆረ። ሓትኖይ በግንቡ ላይ አንገቷን አውጥታ «ቅቤ» ስትል መስኮቱን ዘጋሁ።

ጭንቅላቷ በሙሉ ጥቁር ሊጥ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ፌስታል ታስሮበት ሳለ ስልኩ ጮኸ። አያቴ ናት። በቪዲዮ። እማዬ ስልኩን እንደ እሳት ወረወረችልኝ።

እማዬ ገበያ ሄዳለች አልኳት። አያቴ ሻንጣዋ ውስጥ ምን ምን እንደከተተች ስትነግረኝ እማዬን የቀለሙ ሽታ አፍንጫዋ ገብቶ ከጀርባዬ አስነጠሳት። ሁለት ጊዜ።

አያቴ «ገበያው ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ፣ ይማርሽ በይልኝ» አለችና ዘጋች።

ከዚያ ታጠብን። የአባዬ ውኃ ጠርሙስ በጠርሙስ፣ ቀዝቃዛውን፣ የሚወርደው እስኪጠራ ድረስ። ሲደርቅ እማዬ መስታወት ፊት ቆመች። አንድም ነጭ የለም። የድሮው ፎቶ ላይ ያለችውን ሴት ትመስላለች። «ይታያል?» አላለችም። ግንባሬን ሳመችኝ። ጆሮዋን በሎሚ ፈተግኩላት፤ ግማሹ ለቀቀ።

እሑድ

አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ላይ የኲሓ ነፋስ ሰውን ይገፋል። እማዬ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ስትጠብቅ አባዬ «በነፋስ አይለቅም አይደል?» ብሎ ጆሮዬ ላይ አሾከሸከ። እሱም ገብቶታል ማለት ነው።

አያቴ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ወጣች። ልክ እማዬን ስታይ ገፊውን ሰውዬ «በቃህ ልጄ» ብላ ተነሳች፤ መራመድ ትችላለች ለካ። እማዬ ሮጠች። ሁለት እጅ ለማቀፍ ሲዘረጋ ሻሹን የሚይዝ ጠፋ፣ ነፋሱም ወስዶ አጥሩ ላይ ለጠፈው።  አያቴ የልጇን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እንዳለሽ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አለች።

እማዬ ትከሻዋ ላይ አለቀሰች። እኔ ሻሹን ከአጥሩ ላይ እያወረድኩ ለራሴ እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ። እንደዚህ ኮርቼ አላውቅም፤ የሒሳብ ውጤቴ ሲመጣ ጭራሽ።

ሰኞ

ይኼን የምጽፈው የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ወደ ውጭ መውጫ የለኝም፤ በእማዬና በአያቴ በኩል ነው የሚወጣው።

አያቴ ከቁርስ በኋላ ማበጠሪያ አወጣችና «ነይ ሹሩባ ልሥራሽ» አለች። እማዬ ራሴን አሞኛል አለች። ነገ አለች። ማንም አይሠራም ዘንድሮ አለች። አያቴ በርጩማውን ጎትታ ፊቷ አስቀመጠችና በጣቷ መታ መታ አደረገችው። የአርባ ስድስት ዓመት ሴት እንደ ሕፃን ሄዳ ቁጭ አለች።

ሁሉን አስበን ነበር። ውኃውን፣ ሳሙናውን፣ ፀሐዩን፣ ጆሮውን። አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም፤ ሹሩባ ሊሠራ ፀጉር ይከፈላል፣ ሲከፈል የራስ ቆዳ ይታያል። የእማዬ የራስ ቆዳ ቀለሙን ከፀጉሩ የበለጠ ጠጥቶታል። አያቴ መሃል ለመሃል ስትከፍለው ከግንባር እስከ ማጅራት አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ታየ።

ማበጠሪያው ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች አያቴ።

እማዬ ወለሉን አየች። «በጦርነቱ ስልኩ ተዘግቶ የነበረ ጊዜ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አሁን ይመጣል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጥያቄው፣ ለቅሶው። አያቴ ግን ምንም አልጠየቀችም። ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ፊቷን ዞር አድርጋ እጇን ወደ አፏ ሰደደች፣ ከዚያ መዳፏን በእማዬ ትከሻ ላይ አሳልፋ ዘረጋችላት። ላይኛው ጥርሷ በሙሉ መዳፏ ላይ ነበር።

«የኔም ያኔ ነው ያለቀው» አለች፣ በጥርስ አልባ አፍ። «ሥጋት ነው አሉኝ። ለዚህ መንገድ ብዬ ነው ያሠራሁት፣ እንዳታይብኝ።»

እማዬ ጥርሱን አየች፣ እናቷን አየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። ታለቅሳለች ስል ሳቀች፣ ትስቃለች ስል አለቀሰች፣ አያቴም ጥርሷን እንደያዘች እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። አሁን እማዬ እየነገረቻት ነው። ማውራት አልፈልግም ያለችውን፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቀስ ብላ። አያቴ ጥርሷን መልሳ፣ እየሰማች፣ አንዱን ጉንጉን ጀምራለች። ይኼን ክፍል አልጽፈውም፤ የእኔ አይደለም።

ቀለሙ ወር ይቆይ አይቆይ አላውቅም። ማን እንደሚጠይቅም አላውቅም። እኔ ግን ጥርሱ ትዝ ባለኝ ቁጥር እየታፈንኩ ነው፣ መጋረጃውም አብሮኝ ይንቀጠቀጣል፣ አያቴም ሹሩባዋን ሳታቆም፣ ቀና እንኳ ሳትል፣

«ነፋስ በሌለበት የሚወዛወዝ መጋረጃ ደግሞ ዛሬ አየሁ። ፍረወይኒ።»