ወንዙን ያሻገሩን የአቶ ወልደ ሰንበት ዘርአ ዳዊት የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደ ሰንበት ከአባታቸው ከመሪጌታ ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታየች ገብረመንፈስቅዱስ በ1927 ዓ.ም. በአንኮበር፣ ከአልዩ አምባ ገበያ በወንዝ ተለይታ ማዶ ባለችው በዚህችው አጥቢያ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በደብረ ብርሃን ተማሩ።

በ1943 ዓ.ም. ክረምት አባታቸው መሪጌታ ገበያ ወርደው ሳለ ታመው እዚያው ማዶ አረፉ። ወንዙ ሞልቶ አስከሬናቸውን ማሻገር ስላልተቻለ፣ ዕድሜ ልካቸውን ካገለገሉት ደብር ርቀው በሰው አጥቢያ ተቀበሩ። ወይዘሮ አልታየች ከወዲህኛው ዳር ቆመው አለቀሱ። ይህ ነገር ከአቶ ወልደ ሰንበት ሆድ ወጥቶ አያውቅም።

በ1949 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገቡ፤ በ1956 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ በርከንሄድ ከተማ የመርከብ ሥራ እንዲማሩ ተላኩ። በርከንሄድ በሰፊ የወንዝ አፍ ዳር፣ ከታላቁ ሊቨርፑል ፊት ለፊት ያለች ከተማ ናት። ጓደኞቻቸው ስለ ሊቨርፑል ሲያወሩ፣ እርሳቸው ግን «እሷም እንደኛ ማዶ ናት፤ ሰዉ ግን ክረምት ከበጋ ይሻገራል» ይሉ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ወይዘሮ ይመኙሻል ወልደአረጋይን አግብተው ወለተሐናንና ዘርአ ዳዊትን ወለዱ።

በ1969 ዓ.ም. ከባሕር ኃይል ሲሰናበቱ የለመኑት አንድ ያረጀ የመርከብ የብረት ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ ሳይቆረጥ መድረስ ስለነበረበት፣ መኪና ከቆመበት ጀምሮ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተሰልፎ በትከሻው ተሸክሞ ቁልቁለቱን አወረደው። በ1971 ዓ.ም. ገመዱ ተወጥሮ ሰው የሚያሻግር ሳጥን ተንጠለጠለበት። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግን ሳጥኑ መሐል ወንዝ ሲደርስ ውኃ ነካ። አቶ ወልደ ሰንበት ሰውን አስበው ጭነቱን ረስተው ኖሯል፤ የኛ ሰው ደግሞ ያለ ጨውና ያለ በግ ከገበያ አይመለስም። የአልዩ አምባው ነጋዴ ወዳጃቸው ሐጂ ረሺድ፣ «እንግሊዝ በግ አይገዛም እንዴ?» ብለው ሲስቁባቸው እርሳቸውም አብረው ሳቁ። ምሰሶውን ከፍ አድርገው ገመዱን አጠበቁት፤ ከዚያ ወዲህ ወንዙ አንድም ሰው አልወሰደም። መሻገሪያውን ሕዝቡ ራሱ «በርከንሄድ» አለው። አልዩ አምባን ሊቨርፑል ማለትን ግን ሐጂ ረሺድ አልፈቀዱም።

አቶ ወልደ ሰንበት በስኳር ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሐምሌ 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ማዶ ክሊኒክ ውስጥ አረፉ። ወንዙ እንደ አባታቸው ጊዜ ሞልቶ ነበር። ሐጂ ረሺድ አስከሬናቸውን በሳጥኑ አድርገው ከማዶ ለቀቁ፤ ልጆቻቸውና ካህናቱ ከወዲህ ሳቡ። ወይዘሮ አልታየች ያኔ ባለቀሱበት ዳር ቆመው ልጃቸውን ተቀበሉ።

ከእናታቸው፣ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ሁለቱም ዳር ያለቅስላቸዋል። አባታቸው ያጡትን አፈር እርሳቸው ዛሬ አገኙ። ስንቱን ያሻገሩትን የእርሳቸውን ነፍስ እግዚአብሔር ወደ አብርሃም፣ ወደ ይስሐቅና ወደ ያዕቆብ ዕቅፍ ያሻግርልን። አሜን።