የሰው አገር ዳስ

ልጄ ብሩክታዊት፣ የቤተ ልሔም ታቦት ከመሰላል ከመውደቅ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱ ገብቷል፣ በሬው ግን ዘንድሮም ያነክሳል።

ደብዳቤሽን መሪጌታ ፍሥሐ አነበቡልኝ። በአሮጌ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪው ዝናብ ሳይነካው የሚያልፍበትን፣ ግድግዳ የሌለውን ጣራ ትጠግኛለሽ አሉኝ። «ዳስ ነዋ!» ብዬ ለጎረቤት ብናገር ወሬው አርብ ገበያ ደረሰ። አሁን ሰው ሁሉ «ልጅሽ ዳስ ጣለች አሉ፤ ሠርጉ መቼ ነው?» እያለ ነዘነዘኝ። ምን ልበል? ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ዳስ ስታቆሚ የእኔ ደጅ ባዶውን ቀረ! ያረጀውን እንጨት እጠግነዋለሁ እንጂ አልጥለውም ብለሻል። ላረጀ እንጨት እንዲህ ካዘንሽ፣ ላረጀች እናትሽ ምነው?

እዚህ ዳስ የሚጣለው ለሠርግ ነው፤ አለዚያም ለተዝካር። አምላክ እጅሽን ይባርክልኝ። እባክሽ ልጄ፣ የተዝካሬ ዳስ ሳይቀድም ነይልኝ።

እናትሽ ዓለሚቱ