የሚፈርምልህ ሰው ላጣኸው ልጄ

ታሬ፣ የሆዴ ልጅ፣

ከቤት ከወጣህ ስድስት ዓመት አለፈ። ሞትህን ከሰማሁ ደግሞ አምስት ሊሞላ ነው። መቃብርህ የት እንዳለ ስለማላውቅ ይህን ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከፎቶህ ጋር አኖረዋለሁ። አትገረም፣ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ትልልቅ ሴቶችን ፊደል ያስቆጥራሉ።

የተማርኩት ዕውቀት አምሮኝ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ሳትደርስ መንገድ ላይ ይዘው ያሰሩህ ጊዜ፣ በጠባቂው ስልክ የላክህልኝን የመጨረሻ መልእክት የባለሱቁ ሚስት ነበረች ያነበበችልኝ። ደህና ነኝ፣ አትጨነቂ ይላል አለችኝ። ፊደል ስለይ ከሁሉ በፊት ያነበብኩት እሱን ነው። “እማዬ ጸልዪልኝ፣ የዚህ አገር ሰው ከፈረመልኝ ይፈቱኛል” ነበር የሚለው። የዋሸችሽ አዝናልሽ ነው ይሉኛል ሰዎች። ከዚያ ወዲህ ጨው እንኳ ከሱቋ አልገዛም።

የቀረውን አብሮህ ታስሮ የነበረው የሆሳዕናው ልጅ ተመልሶ ነገረኝ። አንዲት የዚያ አገር አማኝ በየማለዳው በአጥሩ በኩል ገንፎ ታቀብላችሁ ነበር። ፈርሚልን ስትሏት ግን አንገቷን ደፍታ ሄደች። ወባው በበረታብህ ጊዜም ገንፎዋን አላቋረጠችም። ፊርማ ግን አላመጣችም። ያችን ሴት፣ ታሬ፣ ስሟን እንኳ ሳላውቅ በጸሎቴ መሐል ስረግማት ኖርኩ።

ቤታችንን ብታየው አታውቀውም። የፊት አጥራችን ለመንገዱ ተብሎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አሁን ከጉርድ ሾላ የሚወጣው ሰው ሁሉ በረንዳዬን እያየ ያልፋል። የተከልከው አቮካዶ አፍርቷል፣ ፍሬው ግን ውሃ ውሃ ይላል፣ በሱ አትኩራ። ክፍልህን አከራይቼዋለሁ። አትቀየመኝ፣ ባዶ በር ማየት ሰልችቶኝ ነው።

ተከራይዋ ሰናይት ትባላለች፣ ከኤርትራ ተሰዳ የመጣች ናት። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፀጉር ቤት ትሠራለች። አምስት ዓመት የሞላት ሊዲያ የምትባል ልጅ አለቻት። ሲገቡ ፊት ነሣኋቸው። የሰው ልጅ በእኔ ጓሮ ተጠልሎ ሲያድር የእኔ ልጅ በሰው አገር ለምን ይሞታል እያልኩ እበግን ነበር። ሊዲያ ግን ፊት መንሣት አይገባትም። በነሱ ቋንቋ ዓባየይ፣ አያቴ ትለኛለች። አያትሽ አይደለሁም እያልኩም አቤት እላታለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ሰናይት ከላምበረት ስትመለስ ተያዘች። የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል። ለማሳደስ ተራ ከያዘች ወራት ሆኗታል፤ በሄደች ቁጥር ሌላ ቀን ይሰጧታል። ፖሊስ ጣቢያው የነገረኝ አጭር ነው፤ አከራይዋ መጥታ እኔ ጋ ነው የምትኖረው ብላ ትፈርም፣ በተጠራች ጊዜም ታቅርባት። አለዚያ ከከተማ ወጥታ ወደ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ትላካለች።

ፈራሁ። የኪራይ ውል የለንም፣ በስተርጅና ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈለግሁም። እውነቱን ልንገርህና፣ ለልጄ ማን ፈረመለት የሚል ክፉ ነገርም ከሆዴ አልወጣ አለ። ስለዚህ በማግስቱ ምሳ ዕቃ ሞልቼ ወሰድኩላት። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም ወሰድኩ። ልጇን እያጠብኩ፣ እያስተኛሁ፣ ለእናትየው ምግብ እያመላለስኩ፣ ከዚህ በላይ ጌታ ከእኔ ምን ይፈልጋል አልኩ።

ታውቀው የለ፣ እሑድ እሑድ የጸሎት ርዕሳችንን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ሣጥን ውስጥ እንከታለን። መሪው እያወጣ ያነበዋል፣ ጉባኤው ይጸልያል። ስም አይጻፍበትም። እኔ ድሮ የማስጽፍ እንጂ የምጽፍ ስላልነበርኩ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። ተከራዬ ሰናይት የሚፈርምላት አጥታ ታስራለችና ጌታ ሰው ያስነሣላት አልኩና፣ በጽሑፌ ኮርቼ ከሥሩ “የታረቀኝ እናት” ብዬ ጻፍኩ። መሪው እሱንም ጨምሮ አነበበው። ጉባኤው ጮኾ ጸለየ። እኔም ከሁሉ በላይ ጮኽኩ።

ሲያልቅ እትዬ ወርቅነሽ፣ ያቺ አንተን በልጅነትህ ከመዘምራን መሐል በጆሮህ ጎትታ ያወጣችህ፣ ምርኩዟን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚፈለገው ብላ ጠየቀችኝ። አከራይ አልኳት። አከራይዋ ማን ናት አለችኝ።

“እና አንቺ፣” አለችኝ፣ “ጌታ እስክሪብቶ ይዞ እስኪወርድ ነው የምትጠብቂው?”

ከኋላችን ያሉት ሴቶች ሳቁ። ከጸሎቱ በኋላ ወደ ጣቢያ ልሄድ ምሳ ዕቃው በእጄ ነበር። ገንፎ ብቻ የምታመጣው ሴት እኔ ሆኜ ተገኘሁ፣ ልጄ።

ሰኞ ማለዳ ሄድኩ። ፖሊሱ ዕድሜዬን አይቶ ለጣት አሻራ ቀለሙን ገፋልኝ። እስክሪብቶ አምጣ አልኩት። እጄ የለመደውን፣ “የታረቀኝ እናት”ን ጻፈ። መታወቂያዎ ላይ ያለውን ስም ነው እናቴ አለኝ። ሰርዤ የራሴን ስም ከጎኑ ጻፍኩ። ስምህ ከመዝገቡ ላይ አለ፣ ተሰርዞም ይነበባል።

ከሰዓት ለቀቋት። ምሳ ዕቃዬን በጣቢያው ቧንቧ አጥባ ይዛልኝ ወጣች። በእነዚያ ቀናት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ፈርሚልኝ አላለችኝም። ለምን ብላት፣ በእርስዎ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ከብዶኝ ነው አለች። ሊዲያ ያን ማታ እናቷን አቅፋ እግሯን እኔ ጭን ላይ ጣለች።

ነገሩ አላለቀም። ወረቀቷ ገና አልታደሰም፣ በየወሩ እያቀረብኳት እፈርማለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደግሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አዘጋጅተዋል። ተራ እየጠበቀ ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት ሰው አይታሰር፣ እናት ከልጇ አትለይ፣ አከራይ ባይኖር ጎረቤትም ይፈርም የሚል ነው። አንብበውልኝ “በትሕትና” የሚለው በዝቷል፣ ሁለቱን አውጡና ሰናይት የታሰረችባቸውን ቀናት አስገቡ አልኳቸው። አብሬያቸው እሄዳለሁ። ይሰሙናል ብዬ ብዙ ተስፋ አላደርግም። ጸሎት ብቻ ይዤ መቀመጥ ግን ከእንግዲህ አይሆንልኝም።

ያችን ሴት ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሽህም። መርገሙን ግን ትቻለሁ። ባለፈው እሑድ፣ “ገንፎ ይዛ ትመጣ ለነበረችው ሴት” ብዬ ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ስሜን አልጻፍኩም። ማን እንደሆነች ማንም አላወቀም፣ ጉባኤው ግን ጸለየላት።

በየወሩ ያን እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር አስብሃለሁ፣ ታሬ። በመዝገቡ ላይ የመታወቂያዬን ስም እጽፍላቸዋለሁ። እዚህ ግን የሚያሰርዘኝ የለም።

የታረቀኝ እናት